ጠቋሚው የጠፋበት እሁድ

መቆሚያው ድንጋይ ላይ ማንም አልነበረም።

መጀመሪያ ያየው ያን ቀን ዋንጫ የወሰደው የከተማው እግር ኳስ ቡድን አምበል ነው። ደጋፊዎች ትከሻቸው ላይ አውጥተውት፣ የቡድኑን ስካርፍ እያውለበለበ፣ ድምፁ እስኪዘጋ እየዘፈነ ነበር ወደ አደባባዩ የገባው። ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ከሁሉም ቀድሞ አየ። ዘፈኑን አቋረጠ።

"ጠቋሚው የለም" አለ።

ማን ይስማው። ከተማው በሙሉ እየጨፈረ ነው። አምበሉ ደጋግሞ ጮኸ። ከፊት ያሉት ቆሙ፣ ከኋላ ያሉት ገፉ፣ ጥሩምባው ቀስ በቀስ ዝም አለ። አደባባዩን የሞላው ሰው ሁሉ ባዶ ድንጋይ ላይ አፍጦ ቀረ።

ጠቋሚው የከተማው ሰው ያወጣለት ስም ነው። በወግ ሲጠራ የድልድዩ መሐንዲስ ሐውልት ይባላል። ከነሐስ የተሠራ፣ የሰው ቁመት ያለው፣ ቀኝ ክንዱን ወደ ወንዙ ዘርግቶ ያሠራውን ድልድይ የሚያሳይ ሐውልት ነው። ከድልድዩ ወዲህ ግን አንድ መጠጥ ቤት አለ። ብዙ ባሎች "ምን ላድርግ፣ መንገዱን ያሳየኝ እሱ ነው" እያሉ ለሚስቶቻቸው ያመካኙበታል። ቡድኑ ዋንጫ ሲበላ ደግሞ አምበሉ ድንጋዩ ላይ ይወጣና በተዘረጋው ክንድ ተንጠልጥሎ ስካርፉን እዚያ ያስራል። ልማዱ የቆየ ነው። ዋንጫውም የቆየ ነው፤ አምበሉ ራሱ ይህ ሲደረግ ያየው እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ነው።

የፖሊስ ጣቢያው ኃላፊም ከጨፋሪዎቹ መሃል ነበረች። ከተማው ትንሽ ስለሆነ ኃላፊነቱንም ምርመራውንም የያዘችው እሷው ናት፤ ሰው ሁሉ "መርማሪዋ" ይላታል። የዚያን ቀን ከሰዓት ፖሊስ መሆኗን ረስታ ነበር። አሁን ሰዎች ዞረው ሲያዩዋት ትዝ አላት። ስካርፏን ከአንገቷ ፈትታ ኪሷ ከተተችና ሰዉን እየገፋች ወደ ድንጋዩ ሄደች።

ከንቲባው ቀድሟት ደርሷል። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቶ መዳፎቹን አፉ ላይ አድርጎ ይጮሃል።

"ታሪካችንን ሰረቁን! በደስታችን ቀን! ይህን ያደረገ ሰው የገባበት ገብተን እናወጣዋለን!" ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞረ። "ዘበኛው የት ነበር? መጀመሪያ ይሄን ንገሪኝ፣ እህቴ። ዘበኛው የት ነበር?"

የአደባባዩ ዘበኛ ራሱ ከሰዉ መሃል ቆሞ ነበር። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዟል። አንገቱ ላይ የቡድኑ ስካርፍ አለ። ይህን ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። አንዱ "ዘበኛው ነው!" አለ፣ ሌላው ተቀበለው፣ ሦስተኛው ክንዱን ጨበጠው።

መርማሪዋ ለደህንነቱም ለሕጉም ብላ "ጋሼ፣ ከእኔ ጋር ይሂዱ" አለችው። ሽማግሌው ባርኔጣውን እንደያዘ ተከተላት።

*

ዘበኛውን ጣቢያ አስቀምጣ ከሳጅኑ ጋር ወደ አደባባዩ ተመለሰች። ሳጅኑ ጡረታ የሚወጣበትን ቀን የሚጠብቅ፣ ወሬ የሚወድ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው። መቆሚያው ላይ ወጥታ እሱን ከታች አቆመችው።

ሐውልቱን ከድንጋዩ ጋር ያያዙት አራት ብሎኖች ባሉበት ቆመዋል። በእያንዳንዱ ብሎን ጫፍ ላይ የሚያጠብቀው ዳዶ አለ።

"ዳዶዎቹ አልተፈቱም እንዴ?" አለ ሳጅኑ። "ታዲያ ሰውዬው በረረ?"

መርማሪዋ አንዱን ዳዶ በጣቷ ነካችው። ያለ መፍቻ ዞረ። ጣቷ ላይ ጥቁር ግራሶ ቀረ። ሁለተኛውንም ነካች፤ እንደዚያው። ሦስተኛውንና አራተኛውንም ሞከረች።

ያደገችው በጋራዥ ነው። አባቷ የከተማውን መኪና ሁሉ ሲጠግን የኖረ መካኒክ ነበር፤ ሠራተኞቹ "አለቃ" ይሉት ነበር፣ ከተማውም ተቀበለው። አለቃ አንድ ሕግ ነበረው። አንድ ነገር ፈትተህ ስታነሳ ዳዶውን ወደ ብሎኑ መልስ፣ ግራሶ ቀባው፣ በጣትህ ብቻ አጥብቀው። እንዲህ ካደረግህ ስትመልሰው ዳዶ አትፈልግም፣ ብሎኑም አይዝግም። ይህን ያልጠበቀ ሠራተኛ ከአለቃ ኩርኩም ይቀምሳል። እቤት ውስጥ የበር መቀርቀሪያ ሲፈታ እንኳ እንዲሁ ነው።

ሌባ ዳዶ አይመልስም። ይህን ያደረገ ሰው ሐውልቱን መልሶ ሊያቆመው አስቧል። ይህን ያደረገ ሰው ደግሞ አለቃ ነው፣ ወይም ከአለቃ እጅ የወጣ ነው።

አባቷ ወደ ዋንጫው ጨዋታ አልመጣም ነበር።

ጠቋሚውንም አይወደውም። ከመቆሚያው ጀርባ፣ ቁጥቋጦ የበላው አንድ አጭር ድንጋይ አለ። ድልድዩ ሲሠራ ለሞቱት የቀን ሠራተኞች የቆመ ነው። ከሞቱት አንዱ የአለቃ አባት ነው። አለቃ ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ስንት ሰው እየሰማው፣ "ይሄ ሰውዬ ድልድዩን በጣቱ ነው የሠራው? አንድ ቀን አወርደዋለሁ" ብሏል። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ስንት ጊዜ።

"ምን አገኘሽ?" አለ ሳጅኑ ከታች።

"ምንም" አለች።

ከብሎኖቹ አጠገብ አንድ ስባሪ ወድቆ ነበር። አውራ ጣት የሚያህል፣ አንድ ጎኑ ነሐስ የመሰለ፣ ውስጡ ግራጫ። አንስታ ከስካርፉ ጋር ኪሷ ከተተችው። ስለ ዳዶዎቹ ግን ለሳጅኑ አልነገረችውም። ወደ ታች ስትወርድ በራሷ አፍራ ነበር።

*

ሳጅኑ የራሱ ተጠርጣሪ ነበረው፤ የአሮጌ ብረት ነጋዴው። ግቢው በዝገትና በመዳብ የተሞላ፣ እጁ የማይገባበት ጉዳይ የሌለ ሰውዬ ነው። ጠርተው አስቀመጡት። ክርኑ ተልጧል፣ ቁርጭምጭሚቱ በፋሻ ታስሯል።

"ዛሬ ከሰዓት የት ነበርክ?" አለ ሳጅኑ ኮስተር ብሎ።

"የት ነበርኩ?" ነጋዴው ግራ ተጋብቶ መርማሪዋን አያት። "እየቀለደ ነው?"

"መልስ።"

"ሳጅን፣ በረኛው እኮ እኔ ነኝ! ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ያቺን ኳስ ያወጣኋት ጊዜ አንተ አይደለህ እንዴ አጥሩን ዘለህ የሳምከኝ?"

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። ባርኔጣና ጓንት የሌለውን በረኛ አለማወቁ የእሱ ጥፋት እንዳልሆነ ሊያስረዳ ሞከረ። አልተሳካለትም።

"ደግሞ ጠቋሚውን ልግዛውስ ብል" አለ ነጋዴው እየተነሳ፣ "ለማን ልሸጠው ነው? አፍንጫውን የማያውቀው ማን አለ?"

ዘበኛውን መርማሪዋ ብቻዋን አናገረችው።

"ጋሼ፣ ቦታዎን ለምን ጥለው ሄዱ?"

"ጥፋቴ ነው።"

"ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ። ለምን ነው ያልኩት።"

"ኳስ ልይ ብዬ ነው።"

"ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበሩ?"

"ከእረፍት በኋላ ነው የገባሁት።"

"ሰው ፈቅዶልዎት ነው?"

ሽማግሌው ጫማው ላይ አቀረቀረ። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ቢሉት ወይ ፍንክች። ስካርፉን አንገቱ ላይ እንደጠመጠመ፣ በግድግዳው በኩል ዞሮ ተኛ። መርማሪዋ በሩን ስትቆልፍ ቁልፉ ከበዳት። ዳዶዎቹን ብትናገር አባቷ ይገባል። ዝም ብትል ይህ ሰው እዚህ ያድራል። ዝም አለች፤ ሰውዬው እዚያው አደረ።

*

ጠዋት አባቷ ቤት ሄደች። አለቃ በረንዳው ላይ የጎረቤት የስፌት መኪና ፈታትቶ ተቀምጧል።

"አባዬ፣ ትናንት ጨዋታው ላይ ለምን አልመጣህም?"

ካቻቢቴውን እንደያዘ ቀና አለ። "የምትጠይቂኝ ልጄ ሆነሽ ነው ፖሊስ ሆነሽ?"

"ሁለቱንም።"

"ለፖሊሷ፣ ድልድዩ ሥር ነበርኩ። ለልጄ ደግሞ፣ አባቴ የወደቀበት ቀን ስለሆነ ነው። በየዓመቱ እሄዳለሁ። ትናንት ከተማው ሜዳ ስለገባ ጸጥ ያለ ነበር፤ ደስ አለኝ።"

"ያየህ ሰው አለ?"

"ዓሣ።"

አልሳቀችም። ተቀመጠች። "ዳዶዎቹ ብሎናቸው ላይ ተመልሰዋል፣ አባዬ። ግራሶ ተቀብተው፣ በጣት ብቻ ጠብቀው።"

አለቃ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። መዳፉን በጨርቅ ጠረገ።

"እኔ ባወርደው ኖሮ" አለ፣ "ጥሩምባ አስነፍቼ ነበር የማወርደው። ተደብቄ ያደረግሁት ምን ነገር አለ?"

እውነቱን ነው። አባቷ በሕይወቱ ምስጢር ጠብቆ አያውቅም፤ የልደት ስጦታ እንኳ ከመስጠቱ በፊት የሚነግር ሰው ነው። ከትናንት ጀምሮ የከበዳት ጥርጣሬ ቀለላት። ቀጥሎም መርማሪነቷ ተመለሰ።

"ይህን ያስተማርካቸው ሰዎች የት ናቸው?"

"እዚሁ ናቸው። ሁሉም ጋራዥ ነው ያሉት።"

የጋራዥ ሰዎች ትናንት ከእሷ ፊት በአንድ ረድፍ ተቀምጠው እስከ ጨዋታው መጨረሻ በርሜል ሲደበድቡ ነበር። አንዱም አልተነሳም፤ ጆሮዋ እስካሁን ይጮሃል። ስባሪውን ከኪሷ አውጥታ በብርሃን ገለበጠችው። ግራጫው ውስጡ በጥፍር ይፋቃል። ሸተተችው፤ ልጅነቷ ሸተታት። ስቱኮ ነው። ከተጋጨ መኪና ላይ የሚደፈን ስቱኮ፣ ከላዩ የነሐስ ቀለም የተቀባ።

"አባዬ፣ ከሠራተኞችህ ሁሉ ስቱኮ ላይ እጁ የሚያምረው ማን ነበር? ሠርቶ ሲጨርስ የተጋጨበት ቦታ የማይታወቅለት?"

አለቃ ስባሪውን አየ፣ እሷን አየ። "ተይ እንጂ" አለ ቀስ ብሎ።

ሁለቱም ያሰቡት አንድ ሰው ነው። ጋራዡን ከተወ ቆይቷል። አሁን ከሠራተኞቹ ጋር ሳይሆን የክብር እንግዶች ጥላ ሥር ነው የሚቀመጠው። ትናንት በእረፍት ሰዓት "የድምፅ ማጉያውን አደባባይ ላይ ላስተክል" ብሎ ተነስቶ ሄዶ ነበር። አደባባዩ ላይ ግን ሲጮህ የነበረው መዳፉን አፉ ላይ አድርጎ ነው። ማጉያ የሚባል ነገር አልነበረም።

*

ጣቢያ ስትደርስ ዘበኛው ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ሂድና ሁለተኛውን አጋማሽ እይ፣ እኔ አለሁ ያለዎት ከንቲባው ነው?"

ሽማግሌው ቀና አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ለሰው አልናገርም ብዬዋለሁ" አለ። "ከስንት ዘመን በኋላ ቡድናችን ዋንጫ ሊወስድ ነው፣ አንተም ሰው ነህ፣ እይ አለኝ። እኔን እንደ ሰው ቆጥሮኝ። አሳልፌ ልስጠው?"

መርማሪዋ በሩን ከፈተችለት። "ቤትዎ ይሂዱ፣ ጋሼ። እኔ በኋላ እመጣለሁ።"

ከሳጅኑ ጋር ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ሄዱ። የመንገድ መብራት መጠገኛው መኪና፣ ዕቃ ማንሻው ተጣጥፎ፣ ጋራዡ ውስጥ ቆሟል። ማንሻው መንጠቆ ላይ አረንጓዴ የነሐስ ብናኝ አለ። ከመኪናው ሥር ደግሞ መካኒክ ገብቶ የሚሠራበት ጉድጓድ፣ በሳንቃ ተከድኗል።

"አውጣው" አለች መኪናውን። ሳጅኑ አወጣው፤ ሳንቃዎቹን አነሱ።

ጠቋሚው ጉድጓዱ ውስጥ ተንጋሎ ተኝቷል። ንጹሕ ብርድ ልብስ ለብሷል። ክንዱ ተገንጥሎ ደረቱ ላይ ተቀምጧል።

"ውይ፣ ገደሉት" አለ ሳጅኑ፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

*

ከንቲባው ቢሮው ውስጥ ሐውልቱ ያለበትን ለጠቆመ ሽልማት እንደሚሰጥ የሚያውጅበትን ንግግር እየተለማመደ ነበር። መርማሪዋ ስባሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ፊቱ አመድ መሰለ።

"እጅዎ ዛሬም ያምራል፣ ክቡር ከንቲባ።"

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ጉድጓዱን ከፍተን ነው የመጣነው።"

ከወንበሩ ብድግ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ሳጅኑ በሩን ዘጋ።

"መቼ ነው የሰበሩት?"

"የተመረጥኩ ሰሞን" አለ። "መኪናውን ወደ ኋላ እያስኬድኩ፣ በመስኮት ለሰው እጄን እያውለበለብኩ። ኋላው የተጫነው መሰላል ክንዱን መታው። ወረደ።"

"ያየ ሰው አልነበረም?"

"ማንም። ለጽዳት ተዘግቷል ብዬ በሸራ ጋረድኩት። ሽቦ አስገብቼ፣ ስቱኮ ሞልቼ፣ ቀለም ቀባሁት። አንድ ሰው አላወቀም።" እዚህ ላይ፣ በዚያ ጭንቀት ውስጥ እንኳ፣ ትንሽ ኩራት ቢጤ ፊቱ ላይ ሽው አለች።

"ለምን ያኔ አልተናገሩም?"

"የተመረጥኩት 'ታሪካችሁን እጠብቃለሁ' ብዬ እኮ ነው፣ እህቴ። በሳምንቱ ክንዱን ሰብሬ ልምጣ?"

"ትናንትስ?"

ከንቲባው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። "ቡድኑ እዚህ ይደርሳል ብሎ ማን አሰበ? ሁለት ለዜሮ ስንመራ ከተማው ሁሉ ሲዘል እኔ እንዲገባብን ስጸልይ ነበር። ያ አምበል በክንዱ ሊንጠለጠል ነው። አይተሽዋል አይደል፣ የበሬ ግማሽ ነው። ስቱኮው እሱን ይችላል? ወድቆ ወገቡ ቢሰበርስ? ወይ ልናገር፣ ወይ ሐውልቱ ይጥፋ። በእረፍት ሰዓት ተነሳሁ። ሰዉ ሁሉ ሜዳ ነው። መኪናውን ራሴ አመጣሁ፣ ራሴ ፈታሁ፣ ራሴ ጫንኩ። ነገሩ ሲረሳ ክንዱን በደንብ አስበይጄ ወንዝ ዳር ተገኘ ልል ነበር።"

"ዳዶዎቹን መለስካቸው።"

"ምን?"

"ዳዶዎቹን። ግራሶ ቀብተህ።"

እጆቹን ተመለከተ። እንዳደረገው እንኳ ትዝ አላለውም። "አባትሽ..." ብሎ ጀመረና ተወው።

"ዘበኛውስ?" አለች መርማሪዋ። ከአንቱታው መውጣቷን እሷም እሱም አስተውለዋል። "አምበሉ ወገቡ እንዳይሰበር አሰብክ። ሽማግሌውን ግን ራስህ ሂድ እይ ብለህ ልከኸው፣ ሕዝብ ፊት 'ዘበኛው የት ነበር' ብለህ ጮህክ።"

"ሐውልቱ ሲገኝ ይፈታል ብዬ ነው።"

"እስከዚያው ይታሰር ብለህ።"

ከንቲባው ስባሪውን ከጠረጴዛው አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። ልጅ ሆና ጋራዡ ውስጥ "ወንድምዬ" ትለው እንደነበር ትዝ ብሎት ይሆናል፤ አላስታወሳትም። ካፖርቱን ከወንበሩ አንስቶ ከሳጅኑ ፊት ፊት ወጣ። በሐሰት ጥቆማ ክስ ተመሠረተበት። ሥልጣኑን ምክር ቤቱ ሳይጠይቀው በራሱ ለቀቀ፤ ይህን ሰው ሁሉ በበጎ ቆጠረለት። የጋራዥ ሠራተኞቹ ግን "ስቱኮው ምን ዓይነት ነው?" እያሉ ብዙ ጊዜ አላገጡበት።

*

የዚያኑ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አባቷ ቤት ሄዳ ነገሩን ሁሉ ነገረችው። አለቃ ሳቀ፣ አዘነ፣ መልሶ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ።

"ዳዶዎቹን መቼ ነው ያየሻቸው?"

"ትናንት።"

"ለኔ የነገርሽኝ ዛሬ ጠዋት ነው።"

"አዎ።"

"በመሃሉ ያ ሰውዬ እስር ቤት አደረ።"

አባቷ ስለተጠረጠረ እንደማይቀየም ታውቃለች። አሁን ግን እየተቀየመ ነበር።

"ለኔ ብለሽ?"

"ላንተ ብዬ።"

"ልጄ ሆይ፣ ብታስሪኝ ይሻለኝ ነበር።" ተነስቶ ጃኬቱን ለበሰ። "ነይ እንሂድ። ይህን ለኔ አይደለም የምትነግሪው።"

ዘበኛው ቤቱ አልነበረም። አደባባዩ ላይ አገኙት፤ ባዶውን ድንጋይ እየጠበቀ። ማን አዘዘህ ቢሉት ሥራዬ ነው አለ። መርማሪዋ አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ አባቷ ቆሞ እየሰማ፣ ሁሉንም ነገረችው። ዳዶዎቹን፣ ዝምታዋን፣ ቁልፉን። ሳታሳጥር፣ ሳታሳምር።

ሽማግሌው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"እኔ ውለታ ብዬ ዝም አልኩ" አለ። "አንቺ አባቴ ብለሽ ዝም አልሽ። ያው ነን።" ወደ አለቃ ቀና ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። "ልዩነቱ የኔው ሰውዬ ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ። ያንቺው ንጹሕ ሆነ። ከሁለታችን የታደልሽው አንቺ ነሽ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ" አለች መርማሪዋ። ዘበኛው አግዳሚው ላይ ጠጋ አለና ለአባቷም ቦታ ለቀቀለት።